«ስቴም ሴል ስኳርን ያድናል» ብለው አባቴን መሬት ሊያሸጡት ነው፤ የምታውቁ ንገሩኝ

ሙጋዷ
ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ የስኳር ታማሚ ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወጋ። አሁን አስራ ሰባት ዓመቱ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነው። አንዳንዴ ስኳሩ ወርዶበት ክፍል ውስጥ ይዝላል እንጂ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ሰሞኑን አንድ ደላላ በጎረቤት በኩል ቤታችን መጣ። ውጭ አገር ላለ ክሊኒክ ወኪል ነኝ ይላል። «ስቴም ሴል በደም ሥሩ እንሰጠዋለን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከኢንሱሊን ይገላገላል» አለ። ሕክምናው፣ ትኬቱና ማረፊያው ተደምሮ 18 ሺህ ዶላር። ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየን። አንድ ሰውዬ የኢንሱሊን መርፌውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ላለችን ቦታ ገዥ ማፈላለግ ጀምሯል።

የሰጠን ወረቀት ላይ ግን ስኳር ብቻ አይደለም ያለው። የጉልበት ሕመም፣ ሽባነት፣ ኩላሊት፣ ኦቲዝም፣ እርጅና ሳይቀር ተጽፏል። ይሄ አስጠረጠረኝ። አጎቴ ደግሞ «በዜና ሰምቻለሁ፤ ቻይናና አሜሪካ ሰው ድኗል» ይላል። የቱን ልመን?

ባቲ ሰኞ
ለጉልበትም ለስኳርም ለእርጅናም አንድ መርፌ? ኧረ ባካችሁ! ሰኞ ገበያችን ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ለቁርጥማት፣ ለወስፋት፣ ለጥርስ» እያለ አንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ሰውዬ ነው ፓስፖርት አውጥቶ የመጣው። እሱ እንኳ በዶላር አይጠይቅም።

ጦሳ ስር
ሐኪም ነኝ፤ የስኳር ስፔሻሊስት ግን አይደለሁም። ከተሳሳትኩ የምታውቁ አርሙኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

እህቴ፣ አጎትሽ የሰሙት እውነት ነው። ደላላው የሚሸጠው ግን እሱን አይደለም።

ዓይነት አንድ ስኳር የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ቆሽት ውስጥ ያሉትን ቤታ ሴሎች እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲጨርሳቸው ነው። ኢንሱሊን የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ታዲያ ለምን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድገን አንተካቸውም ተባለ። ስቴም ሴል ገና ሥራውን ያልመረጠ ሴል ነው። ተገቢውን ኬሚካል በተገቢው ሰዓት እየሰጡ ወደፈለጉት ዓይነት ይመሩታል። በወሬ ቀላል ነው። የሃርቫርዱ ዳግላስ ሜልተን ወንድ ልጁ በ1991 ገና ሕፃን ሳለ በዚሁ በሽታ ታመመበት። ሰውየው እስከዚያ ድረስ የሚያጠናው እንቁራሪት ነበር። የያዘውን ትቶ ወደ ስኳር ዞረ። ቡድኑ ቤታ ሴልን በብዛት የማምረቻውን ዘዴ ያሳተመው በ2014 ነው። አባትሽ ይህን ታሪክ ቢሰሙት ደስ ይለኛል፤ በዓለም ላይ ለልጁ የሚጨነቅ አባት እሳቸው ብቻ አይደሉም።

ከዚህ መስመር የተገኘው ሕክምና ዚሚስሌሴል ይባላል። የሚሠራው ቨርቴክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ውጤቱ በ2025 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አላስፈለጋቸውም። ሳነበው ማመን አቅቶኝ ነበር።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። አንደኛ፣ ሴሎቹ የሚገቡት እንዲሁ በክንድ ደም ሥር አይደለም። ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ የደም ሥር በኩል ነው፤ መኖሪያቸውም ጉበት ይሆናል። ደግሞም ሴሎቹ የባዕድ ናቸው። ሰውነት እንዳያጠፋቸው የመከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ መዋጥ ግድ ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ታካሚ በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ሞቷል፤ መከላከያው ሲዳከም የሚመጣ ኢንፌክሽን ነው። ለዚህም ነው የተመረጡት አዋቂዎች፣ ያውም ስኳራቸው ሳይታወቃቸው እየወረደ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች ብቻ የነበሩት። ኢንሱሊን እየወሰደ ትምህርቱን በደህና ለሚከታተል የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ይህን አደጋ ማንም ጤነኛ ሐኪም አይመክርም።

የቻይናዋ ደግሞ የ25 ዓመት ወጣት ናት። ከራሷ ስብ የተወሰደ ሴል በኬሚካል ወደ ስቴም ሴል ተመለሰ፣ ከዚያ ኢንሱሊን አምራች ተደርጎ ሆዷ ጡንቻ ውስጥ ተቀመጠ። ከ75 ቀን በኋላ ኢንሱሊን አቆመች። የራሷ ሴል ስለሆነ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ነገር ግን ሴትየዋ ቀደም ሲል ጉበት ተተክሎላት ስለነበር መከላከያ የሚያዳክመውን መድኃኒት ድሮም ትወስድ ነበር። ያ መድኃኒት ባይኖር የድሮው በሽታ አዲሶቹንም ሴሎች ይበላቸው ነበር ወይ? ይህ በእሷ አልተፈተነም።

ሙጋዷ
ዶክተር እግዜር ይስጥልን። ደላላው ግን «ሜዘንካይማል» የሚባል ሴል ነው አለን። ከእትብት ይወጣል ይላል። እሱስ?

ጦሳ ስር
አዎ፣ አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ክሊኒኮች የሚወጉት እሱን ነው። ከስብ፣ ከመቅኔ ወይም ከእትብት ይገኛል። ሴሉ በተፈጥሮው አጥንትና ስብን ወደመሳሰለ ነገር ነው የሚያድገው። በደም ሥር ተወግቶ ቆሽት ሄዶ ቤታ ሴል ይሆናል ማለት ተረት ነው። እንዲያውም በክንድ ሲሰጥ አብዛኛው ሳንባ ላይ ተይዞ ይቀራል።

ሴሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አንዱን አጽድቋል። ለምን? መቅኔ ተተክሎላቸው አዲሱ መቅኔ ሰውነታቸውን ለሚያጠቃባቸውና ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ላልሠራላቸው ሕፃናት። ለዚያ ብቻ። እውነተኛው ሕክምና እንዲህ በጠባቡ ነው የሚናገረው።

እናት ዓለም ከሐይቅ
ልጆቼ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ግን ልጅ አለኝ፤ የታመመ ልጅ ማየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል። አባትየው አንድ ተስፋ ካየ ለምን ታስጨንቁታላችሁ? መሬት እኮ መሬት ነው።

ነጭ ጋወን
እማማ፣ አንጀትዎ እንዳለ ይገባኛል። ነርስ ነኝ፤ ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። ጭንቀቴ መሬቱ አይደለም።

ቪዲዮው ላይ ሰውየው መርፌውን ጣለው አይደል? እዚያ ላይ ነው ያስፈራኝ። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ሲያቆም በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ደሙ አሲድ ይሆናል። መጀመሪያ ውኃ ውኃ ይለዋል፣ ሽንቱ ይበዛል። ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል። ትንፋሹ ረጅምና ፈጣን ይሆናል፤ የበሰበሰ ፍሬ ዓይነት ሽታ አለው። ቤተሰብ «ወባ ነው» ወይ «ምች ነው» እያለ ያቆየዋል። እኛ ጋ ሲደርስ ራሱን ስቷል። ሙጋዷ፣ አባትሽ ገንዘቡን ቢከፍሉም ባይከፍሉም ልጁ ማንም ምንም ቢለው ኢንሱሊኑን በራሱ እንዳያቆም። ይህን ዛሬ ማታ ንገሪው። እስከ ነገ አታቆዪው።

ሙጋዷ
ነግሬዋለሁ። እሱ ራሱ «ደላላው ራሱ ስቴም ሴሉን ይወጋ እንጂ እኔ ኢንሱሊኔን አላቆምም» ብሎ ሳቀብኝ። ኢንሱሊኑን የሚጠብቀው ከእናታችን በላይ ነው። መብራት ስለሚጠፋ በገንቦ ነው የምናስቀምጠው። ትልቁ ገንቦ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ መሐሉ ላይ ትንሿ ገንቦ፣ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ እሷ ውስጥ። አሸዋው ሲደርቅ ውኃ የሚያጠጣው እሱ ነው።

ቃሉ ልጅ
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ይሄ ስቴም ሴል ከፅንስ ነው የሚወጣው ሲባል ሰምቻለሁ። እንደዚያ ከሆነ ሐራም አይደለም ወይ? ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ?

ወዩ ባዮ
የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ባዮሎጂ። ጥያቄህ ትክክል ነው፤ ሳይንቲስቶቹም ዓመታት ሲጨቃጨቁበት ነው የኖሩት።

በ1998 የዊስኮንሲኑ ጀምስ ቶምሰን የሰው ስቴም ሴል ለመጀመሪያ ጊዜ ከፅንስ ለይቶ አሳደገ። ፅንሶቹ በላብራቶሪ ለመውለድ የሞከሩ ጥንዶች ተርፏቸው የሰጧቸው የጥቂት ቀን ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ቢሆንም ፅንሱ ይጠፋል። ጭቅጭቁ ከዚያ ነው።

ከዚያ ሺንያ ያማናካ መጣ። ጃፓናዊ ነው፤ ሥራውን የጀመረው በአጥንት ቀዶ ሕክምና ነበር። ጥያቄው ያደገ ሴል ወደ ልጅነቱ መመለስ ይችላል ወይ የሚል ነው። እሱና ባልደረባው 24 ጂኖችን መረጡ። ሁሉንም አንድ ላይ አይጥ ሴል ውስጥ ሲያስገቡ ሠራ። ከዚያ አንድ በአንድ እያወጡ የትኛው ሲጎድል እንደሚከሽፍ አዩ። በመጨረሻ አራት ብቻ ቀሩ። 2006 በአይጥ፣ 2007 በሰው። ማለትም ከቆዳህ ቁራጭ ወስደው ማንኛውንም ሴል መሆን የሚችል ሴል ይሠራሉ። ፅንስ የለም። በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ገርደን በእንቁራሪት ያንኑ ነገር ያሳየበት ጽሑፍ የታተመው በ1962 ነው፤ ያማናካ የተወለደበት ዓመት። ይሄን ስሰማ ሁሌ ይገርመኛል።

ተንኮሉ ከአራቱ ጂኖች አንዱ የካንሰር ጂን መሆኑ ነው። ለዚህም ነው ነገሩ ቶሎ ሰው ላይ ያልዋለው። አሁን ሌሎች ዘዴዎች አሉ፤ ፍርሃቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በደንብ ያልበሰለ አንድ ሴል ከቀረ ዕጢ ሊሆን ይችላል።

ዶክተር የጠቀሱት የአሜሪካው ከፅንስ መስመር የመጣ ነው፤ የቻይናዋ አይደለም። ሐራም ሐላሉን ሸሆቻችንን ጠይቅ፤ እኔ እዚያ አልገባም።

ቃሉ ልጅ
ጀዛከላህ። እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ የለም።

ሐረጎ ጠመዝማዛ
እኔ የማወራው ከራሴ ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ ሹፌር ነበር። ሐረጎ መንገድ ላይ ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ፤ ከወገቡ በታች አይታዘዘውም። ያኔ አንድ ሰው ውጭ አገር ስቴም ሴል አከርካሪን ይጠግናል አለን። አይሱዙዋን ሸጥን። አክስቶቼ ወርቃቸውን አወጡ። ወዳጃ ተደርጎ ዱዓ ተደርጎለት ሄደ።

ጀርባው ላይ ወጉት፣ በደም ሥሩም ሰጡት። ሲመለስ የያዘውን ወረቀት የጤና ባለሙያ የሆነ ዘመዳችን አየው። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የክሊኒኩ አርማ ወርቃማ ነው። ምን ዓይነት ሴል እንደሆነ የለም። ስንት እንደተሰጠው የለም። ከማን እንደተወሰደ የለም። ክትትሉ ላይ «እንደአስፈላጊነቱ» ይላል። ስንደውል መጀመሪያ «ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል» አሉን፤ ገንዘብ እንደሌለን ሲያውቁ ስልክ ማንሳት ተዉ።

በኋላ የረዳው እዚሁ ደሴ ያለው የአካል ድጋፍ ማዕከል ነው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር በክንዱ መሻገር አስተማሩት። ቁስል እንዳይወጣበት እንዴት እንደሚገላበጥ አሳዩት። አሁን ሱቅ ይቀመጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ አይሱዙዋ ብትኖር ኖሮ ሱቁ የራሱ ይሆን ነበር።

እናት ዓለም ከሐይቅ
አይይ ልጄ። አላህ ያጽናው። እኔ ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ወዩ ባዮ
ያሳዝናል ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቆጡኝ። እንዲህ ዓይነት ወሬ በሰማን ቁጥር «ስቴም ሴል ውሸት ነው» ወደሚል እንዳንሄድ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ እኮ ራሱ የስቴም ሴል ሕክምና ነው! ዶናል ቶማስ በ1957 ጀምሮት፣ ታካሚዎቹ በላይ በላዩ እየሞቱበት ሌሎች ሲተዉት እሱ አልተወውም፤ በ1990 ኖቤል አገኘበት። ዛሬ የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ ይድኑበታል።

ቆዳም አለ። በ2015 ጀርመን ውስጥ ቆዳው በወረሰው በሽታ እየተላጠ የሚሞት ልጅ ነበር። ጣልያኖቹ ከቀረው ጤነኛ ቆዳ ትንሽ ወስደው ጂኑን አስተካከሉ፣ አሳደጉት፣ የሰውነቱን 80 በመቶ ያህል ሸፈኑለት። ኳስ መጫወት ጀመረ።

ሲክል ሴል የሚባለው የሚወረስ የደም በሽታስ? በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ካስጀቪ የተባለ ሕክምና አጸደቁለት። የታካሚውን የራሱን የደም ስቴም ሴል አውጥተው፣ ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ በፅንስነቱ የነበረውን ጤነኛ ሄሞግሎቢን እንደገና እንዲያመርት ያደርጉና ይመልሱለታል። ሲጸድቅ የተተመነለት ዋጋ አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እዚህ ላይ ንዴቴ ይነሳል። በሽታው በብዛት ያለው አፍሪካ፣ መድኃኒቱ ያለው ቦስተን።

ባቲ ሰኞ
2.2 ሚሊዮን ዶላር በብር ሳሰላው ካልኩሌተሬ ተናደደ።

ጦሳ ስር
ወዩ ባዮ ልክ ነህ። ንዴትህም ልክ ነው። ግን ጨርሶ አይደርሰንም ማለትም አልችልም። ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት መተካት የጀመረው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ቤተሰብ ይዞ ሕንድ መሄድ ነበር ያለው። ስቴም ሴል ላይ የሚቀረን ላብራቶሪ፣ የማያቋርጥ መብራት፣ የሠለጠነ ሰው ነው። ደላላ አይጎድለንም።

ነጭ ጋወን
ስለ ዐይን ማንም ስላላነሳ እኔ ልጨምር፤ ወሎ ላይ ይሄ ቀላል አይደለም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዶ የዐይን ወረፋውን ያየ ያውቀዋል። በትራኮማ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የፋቀባቸው እናቶች ብዙ ናቸው።

ለዐይን የጸደቀ የስቴም ሴል ሕክምና አለ። አውሮፓ በ2015 ያጸደቀው ሆሎክላር ይባላል። በአሲድ፣ በኖራ ወይም በእሳት ዐይኑ ለተቃጠለ ሰው ነው። ከጥቁሩ ዐይን ዳርቻ ጤነኛ ከሆነው ላይ ኢምንት ቁራጭ ይወሰዳል፣ ያድጋል፣ የተጎዳው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ቢያንስ አንደኛው ዐይን ላይ ጤነኛ ቦታ ሊኖር ይገባል። ሁለቱም ለጠፋ ሰውስ? ኦሳካ ላይ በያማናካ ዘዴ ከተሠራ ሴል የብሌን ሽፋን አሳድገው ለአራት ሰዎች ለጠፉ። በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፤ የሦስቱ እይታ ከዓመት በላይ ተሻሽሎ ቆየ። አራት ሰው ነው እንግዲህ፤ ገና ጅምር ነው። ለትራኮማ እናቶቻችን ዛሬ ያለው ፊት መታጠብ፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት፣ ሽፋሽፍቱን የሚያስተካክለው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው።

ሌላኛውንም ወገን ስሙ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች ከራሳቸው ስብ የወጣ «ስቴም ሴል» በሁለቱም ዐይናቸው በአንድ ቀን ተወጉ። አምስት አምስት ሺህ ዶላር ከፍለው። ሲሄዱ ያያሉ፤ ሲመለሱ ታውረዋል ወይም ለመታወር ተቃርበዋል። አሜሪካ ነው እንግዲህ ይሄ የሆነው። የሚያበሽቀው ደግሞ የክሊኒኩ ስም በመንግሥት የምርምር መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ነበር። መዝገብ ላይ መገኘት ማለት መጽደቅ ማለት አይደለም፤ ማንም መመዝገብ ይችላል። እውነተኛ ምርምር አብዛኛውን ጊዜ ታካሚውን ለሙከራው ሕክምና አያስከፍልም። ሁለቱንም ዐይን በአንድ ቀን አይነካም።

ሙጋዷ
አነበብኩላቸው። ለሁሉም፣ ለአባቴም ጭምር። የሐረጎው ወንድማችን የጻፈውን ስደርስበት አባቴ ዝም አለ፤ አይሱዙዋን በዓይኑ የሚያውቃት ነው የሚመስለው።

ትናንት ደላላው ሲመጣ እኔ ጠየቅሁት። ሴሉ ከማን ነው የሚወሰደው? የትኛው አገር የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ለስኳር ያጸደቀው? ከዓመት በኋላ ክትትሉን የሚያደርገው ማን ነው? የመጀመሪያውን «ፎርሙላው የክሊኒኩ ሚስጥር ነው» አለ። ሁለተኛውን «ኢንተርናሽናል ፈቃድ አለን» ብሎ አለፈው። ሦስተኛውን ሳይመልስ ለአባቴ «እስከ ዐርብ ቅድሚያ ከከፈሉ 15 ሺህ እናደርግልዎታለን» አለው። መድኃኒት ቅናሽ ሲደረግበት አባቴም ተጠራጠረ። «እንነጋገርበታለን» ብሎ ሸኘው።

ቦታዋን አልሸጥም አላለም ገና። እናቴ አሁንም ቪዲዮውን ታያለች።

የመርሳ ብርቱካን
ዘግይቼ ነው የደረስኩት። አባቴ ፓርኪንሰን አለበት፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመድ ይጎተታል። ለእሱስ አለ የሚባል ነገር አለ?

ጦሳ ስር
በ2025 ገና ሙከራ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት ጥናቶች በአንድ ቀን ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጡ። በአንዱ አሜሪካና ካናዳ ለ12 ሰዎች፣ በሌላው ኪዮቶ ለሰባት ሰዎች ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመርት ሴል አንጎል ውስጥ ተተከለ። ዓላማቸው በዋናነት ጉዳት አያመጣም ወይ የሚለውን ማየት ነበር፤ አላመጣም። መሻሻል የታየባቸው አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ሰው ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም የለውም። ለአባትህ ዛሬ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት በሰዓቱ መወሰዱ ይበልጣል። ከምግብ ጋር እንዴት እንደሚወስዱት ሐኪሙን ጠይቅ፤ ሥጋና እንቁላል ሲበዛበት የሚዳከምባቸው አሉ። በደም ሥር እንወጋዋለን የሚል ከመጣ መልሱን ታውቃለህ።

የመርሳ ብርቱካን
አመሰግናለሁ ዶክተር። ጠዋት ከእንቁላል ጋር ነው የሚውጠው፣ ይገርማል። እጠይቃለሁ።

ነጭ ጋወን
ሙጋዷ፣ ክፍል ውስጥ የመዛሉ ጉዳይ እንዳይረሳ። ስኳሩ ክፍል ውስጥ የሚወርድበት ከሆነ የጠዋቱ መጠን መታየት አለበት፤ ወይም ቁርሱን እየዘለለ ነው። ወደ ስኳር ክትትል ክፍል ይዘሽው ሂጂ፤ ኢንሱሊን ከመውሰዱ በፊት የለካውን የሚጽፍበትን ደብተር ይዞ። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ ወይ ስኳር ይኑር። መምህሩም ይወቅ።

ሙጋዷ
ደብተር አለው፤ ግን የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ስላለቀ ክፍተት ብዙ ነው። ፋርማሲ የለም ይሉናል፤ ያለው ዘንድ ዋጋው አይቀመስም።

ባቲ ሰኞ
ማሽኑ ምን ዓይነት ነው? ስሙን ከጀርባው ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እናቴ የምትጠቀምበት ከሆነ ሁለት ፓኮ አላት፤ ቅዳሜ ደሴ ስለምወጣ ይዤልሽ እመጣለሁ።